የሚስተር ሬንከ አያት ሜዳሊያ

እትዬ ኤርጎጌ "አይሆንም" ስትል ድምፅዋን ከፍ አታደርግም። መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች፣ ያናገራትን ሰው ዐይን ዐይኑን ታየዋለች፣ ከዚያ አንዴ ትላለች። ሁለተኛ አትደግመውም። ጆሃንስበርግ፣ ትሮይቪል ሠፈር ውስጥ ሱቃችን ጎን ለጎን በነበረበት ዘመን ይቺን "አይሆንም" ስንቴ ሰምቻታለሁ፤ ለፖሊስም፣ ለደላላም፣ የሟች ሚስቱን ፎቶ ይዞ መጥቶ "ቀጠን አድርጊልኝ" ላላትም ሰው። አሁን የማወራው ግን ሱቋን ስላሳጣቻት "አይሆንም" ነው።

ሕንፃው የሚስተር ሬንከ ነው። ፎቁ ላይ ሰው ተከራይቶ ይኖራል፣ ከታች በመንገዱ በኩል ጠባብ ጠባብ ሱቆች አሉት። እኔ ፋንታሁን በአንደኛው ስልክ እጠግናለሁ። ከኔ ቀጥሎ ባለው እትዬ ኤርጎጌ ያረጀ ፎቶ ታድስ ነበር። የተቀደደውን ትገጥማለች፣ ውሃ የነካውን ታጸዳለች፣ ጥቁርና ነጩን ቀለም ታለብሳለች፣ ከዚያም ፍሬም አስገብታ በቡናማ ወረቀት ጠቅልላ ትሰጣለች። የሶዌቶ እናቶች የወላጆቻቸውን የሠርግ ፎቶ ይዘውላት ይመጣሉ። የኛ ልጆች ደግሞ ከሆሳዕና ወይ ከዱራሜ በስልክ የተላከላቸውን የሟች አባት ጉርድ ፎቶ አሳይተው "ትልቅ አድርጊልኝ፣ ኮትም አልብሺልኝ" ይሏታል። ኮት ታለብሳለች። ኮት ውሸት አይደለም ባይ ነች፤ ሰውየው ቢያገኝ ኖሮ ይለብሰው ነበር።

ሙያውን የቀሰመችው ደሴ ነው። አባቷ ጋሽ ስዩም ፒያሳ ላይ ፎቶ ቤት ነበራቸው፤ ከጎናቸው ተቀምጣ በቀጭን ብሩሽ የፊት ነጠብጣብ እየሸፈነች አደገች። ወደ ደቡብ አፍሪካ የመጣችው ባሏን ክፍሉን ተከትላ ነው። ክፍሉ ዳቬይተን በሚባል ሠፈር ስፓዛ የሚሉትን ትንሽ ሱቅ ከፍቶ፣ ዳቦውንም የስልክ ካርዱንም በብረት ፍርግርግ ውስጥ እያሾለከ ይሸጥ ነበር። ታሞ ሲሞትባት ዘመድ ወዳጁ ሁሉ ስፓዛውን እንዳትለቅ መከራት። እሷ ግን ሸጠችውና ስካነርና ማተሚያ ገዛችበት።

"ዕድሜዬን ሙሉ ሰው በፍርግርግ አላይም" አለች።

ያኔም አብዳለች ተብሎ ነበር።

ሚስተር ሬንከ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይሄን ሳልናገር ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ዘሩ ጀርመን ነው፤ አያቶቹ በናሚቢያ በኩል መጥተው እዚህ ቀሩ፣ እሱ እዚሁ ጆሃንስበርግ ተወለደ። ቧንቧ ፈነዳ ሲባል ሠራተኛ አይልክም፣ ራሱ መፍቻ ይዞ ባኪ በሚሉት ፒካፕ መኪናው ከች ይላል። አንድ ጊዜ የውጭ ሰው ሱቅ የሚዘርፉ ወጣቶች ዱላ ይዘው በመንገዱ ሲወርዱ፣ እኛን ወደ ግቢ አስገብቶ የብረት በሩን ቆለፈና ወንበር አምጥቶ ከበሩ ፊት ተቀመጠ። ሽማግሌ ነው፤ በእጁም ምንም አልያዘም። ወጣቶቹ ጥቂት ተሳድበው አለፉ። ከዚያ ወዲህ እትዬ ኤርጎጌ ለፋሲካ ዶሮ ወጥ ሳትልክለት ቀርታ አታውቅም።

ስለዚህ አንድ ጠዋት በፎጣ የተጠቀለለ ነገር አቅፎ ሲገባ፣ ውለታ የምትመልስበት ቀን እንደመጣ ቆጥራ ደስ አላት።

"አያቴ ነው" አለ ፎጣውን እየገለጠ። "ኮሎኔል ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የብረት መስቀል ተሸልሟል። ሰባ ዓመቴን ሳከብር ዘመድ ሁሉ ይሰበሰባል። እድፉን አጽጂልኝ፣ ቀለም አልብሺልኝ። ትልቅ ይሁን፣ ሳሎን ላይ ልስቀለው።"

ፎቶው ወፍራም ካርቶን ላይ የተለጠፈ ነው። ሪዛም ሰው ስቱዲዮ ውስጥ ቆሟል፤ ከጀርባው ዘንባባ የተሳለበት መጋረጃ። ሰፊ የሱፍ ባርኔጣ ደፍቷል፣ የባርኔጣው አንድ ጎን ወደ ላይ ታጥፎ በቁልፍ ተይዟል። ግራ ክንዱ ላይ እንደ ቪ የተሰፉ መስመሮች አሉ። ደረቱ ላይ አንድ ሜዳሊያ ተንጠልጥሏል፤ እርጥበት ስለነካው ቡናማ እድፍ ጋርዶታል።

"መስቀሉ የቱ ጋ ነው?" አለችው።

"ከእድፉ ሥር።"

እትዬ ኤርጎጌ ፎቶውን ስካን አድርጋ እድፉን በኮምፒውተሯ ቀስ በቀስ አነሳችው። ሲጠራ ሜዳሊያው ክብ ሆኖ ወጣ። መስቀል የለም። ከሜዳሊያው በላይ፣ ሪባኑ ላይ፣ እንደ መሰላል ደረጃ የተደረደሩ ትንንሽ አግዳሚ ዘንጎች ታዩ፤ ጽሑፍ አለባቸው። በግድግዳው በኩል ጠራችኝና ዞሬ ሄድኩ።

"ፋንታሁን፣ ይሄን ነገር በኢንተርኔት ፈልግልኝ እስቲ። ሪባኑ ምን ዓይነት ቀለም እንደሆነ ሳላውቅ ልቀባ ነው?"

አባቷ ያስተማሯት የመጀመሪያ ነገር ይሄ ነው፤ የማታውቂውን አትቀቢ። የአንድን ባላገር ጋቢ ጥለት ቀለም ለማወቅ ገጠር ድረስ ሰው ልከው ያውቁ ነበር ትላለች።

ፈለግሁ። የጀርመን ሜዳሊያ ዓይነቱ እንደ አሸዋ ነው፤ ሰብሳቢዎቹ ደግሞ እርስ በርሳቸው ይሰዳደባሉ እንጂ አይስማሙም። መጨረሻ ላይ ኮሊን የሚባል ሰው ትዝ አለኝ። ስልኩን እኔ ጋ ያሠራል፣ እሑድ እሑድ ገበያ ላይ አሮጌ ሳንቲምና ሜዳሊያ ይሸጣል። እትዬ ኤርጎጌ ከቅዳሴ ስትወጣ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ አብረን ሄድን።

ኮሊን ፎቶውን በማጉያ መነጽር ከላይ ወደ ታች አየው። እንዲህ ዓይነት ነገር ሲያገኝ ፊቱ እንደ ልጅ ይበራል።

"መጀመሪያ ባርኔጣው" አለ። "ይሄ የአውሮፓ ጦር አይደለም። የቅኝ ግዛት ጦራቸው ነው፣ አፍሪካ ላይ የነበረው። ቀጥሎ ክንዱ። ኮሎኔል ነው አላችሁ? ኮሎኔል ክንዱ ላይ ይሄን አይሰፋም። ሁለት መስመር ነው፤ የበታች ሹም ነው። ተራ ወታደር አይደለም፣ መኮንንም አይደለም።"

"አሥር አለቃ በለው" አልኳት በአማርኛ።

እትዬ ኤርጎጌ ሳቀች። "ምስኪን ሚስተር ሬንከ፣ ኮሎኔሉን አጣ!"

ኮሊን ከሣጥኑ አንድ ክብ ሜዳሊያ አወጣ። የራስ ቁር የደፋች ሴት ምስል አለበት፤ ገልብጦ ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ "ለድል አድራጊ ተዋጊዎች" ብሎ ተረጎመልን። ከፎቶው ጋር አመሳሰልነው፤ ራሱ ነው። ሪባኑም ከነቀለሙ አለ። እትዬ ኤርጎጌ ፎቶ አነሳችውና ለሥራዋ የሚያስፈልጋትን አገኘች። ተመስገን ብላ ልትነሳ ስትል ነው ዘንጎቹ ትዝ ያሏት። ይዛው የመጣችውን ላፕቶፕ ከፈተች፣ ሪባኑን እያጎላች አስጠጋችለት።

ኮሊን ከታች ወደ ላይ አነበበ። "ሄሬሮላንድ። ዋተርበርግ። ኦማሄኬ።" ከዚያ ማጉያውን አስቀመጠ።

"ምንድን ናቸው?"

"የቦታ ስም ነው። የተዋጋበት ቦታ።"

"ታዲያ ምነው ፊትዎ ተለወጠ?"

ኮሊን የሚሸጠውን ሜዳሊያ መልሶ ሣጥኑ ውስጥ ከተተው። ከዚያ በአጭሩ ነገረን። በዛሬዋ ናሚቢያ የሄሬሮ ሕዝብ በጀርመን ገዢዎቹ ላይ ተነሣ። ዋተርበርግ ላይ ከበቡት። ያመለጠው ሰው ከነልጁ፣ ከነከብቱ ኦማሄኬ ወደሚባለው በረሃ ሸሸ። ወታደሮቹ ተከትለው የውሃ ጉድጓዱን ይዘው ተቀመጡ፤ ሰው በውሃ ጥም አለቀ። የተማረከው ደግሞ እስር ካምፕ ገብቶ አለቀ። ጀርመን ራሷ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይታ የዘር ማጥፋት ነበር ብላ ተቀብላዋለች።

"ይሄ ኦማሄኬ የሚለው ዘንግ" አለ ኮሊን፣ "ሰውየው እዚያ ዘመቻ ላይ እንደነበረ የሚመሰክር ነው። መንግሥቱ ነው የሰጠው። እሱም ኮራበትና ፎቶ ተነሣበት።"

ስንመለስ እትዬ ኤርጎጌ ታክሲው ውስጥ ላፕቶፑን ጉልበቷ ላይ ከፍታ ዘንጎቹን ደጋግማ አነበበች። ትሮይቪል ስንወርድ "ሄሬሮ፣ ሄሬሮ" ስትል ቆየችና ቆም አለች። "ሲስተር ካቫሪ! ያቺ ሻሿን እንደ ከብት ቀንድ አግድም የምታስረው ነርስ። እናቷን ቀለም ያለበስኩላት። ሄሬሮ ነኝ አላለችኝም?"

ሲስተር ካቫሪ እዚሁ ከተማ፣ ቤሪያ ሠፈር ነው የምትኖረው፤ የተወለደችው ቦትስዋና፣ ማውን ከተማ ነው። እትዬ ኤርጎጌ ደውላ "አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ደስ የሚል ነገር አይደለም" ብላት በማግስቱ ከሥራ ስትወጣ የነርስ ልብሷን እንደለበሰች መጣች። ፎቶው ኮምፒውተሩ ላይ ነበር። አልተቀመጠችም። ዘንጎቹን አነበበች፤ ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ጣቷን መስታወቱ ላይ አሳረፈች።

"የአያቴ እናት በዚህ በረሃ እየሄደች ነው ቦትስዋና የገባችው" አለች። "ከእናቷ ጋር ገባች፣ ብቻዋን ወጣች። ስለ እናቷ አንድም ቀን አውርታ አታውቅም አሉ። እኛ ጋ ከዚያ በፊት የነበረ ሰው ፎቶ የለም። አንድም የለንም። እነሱ ግን፣ ይኸው፣ አላቸው። ሪዙንም አበጥሮ ነው የቆመው።"

"ባለቤቱ ይሄን አያውቅም" አለች እትዬ ኤርጎጌ። "የብረት መስቀል ነው ብሎ ነው የሚያስበው። ስነግረው ምን እንደሚለኝ አላውቅም። አጥፊው ቢለኝስ?"

ሲስተር ካቫሪ ዞር ብላ አየቻት።

"ካጠፋሽውማ፣ እኛን ማን ገደለን ልንል ነው?"

ሚስተር ሬንከ በሳምንቱ አጋማሽ መጣ። እኔ የተሰበረ የስልክ መስታወት እየቀየርኩ ነበር፤ ግድግዳው ስስ ስለሆነ የተባለው ሁሉ ይሰማኛል። እትዬ ኤርጎጌ ወንበር ሰጠችው። ስለ ባርኔጣው፣ ስለ ክንዱ መስመሮች፣ ስለ ሜዳሊያው፣ ስለ ዘንጎቹ አንድ በአንድ ነገረችው። አልጨመረችም፣ አልቀነሰችም። ኮሎኔሉ አሥር አለቃ ሲሆን አልተናደደም፤ እንዲያውም "አባቴ ማጋነን ይወድ ነበር" ብሎ ፈገግ አለ። ኦማሄኬ ላይ ግን ፈገግታው ጠፋ። ምን እንደሆነ ልትነግረው ስትጀምር እጁን አነሣ።

"አውቃለሁ። ማንበብ እችላለሁ።" ቀጥሎም፣ "እኔ አያቴን የማውቀው ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ፖም ሲልጥልኝ ነው" አለ።

"ይሆናል። ፖምም ይልጣል ሰው።"

"እንግዲያው እንዲህ አድርጊ። ዘንጎቹን አጥፊያቸው። ሜዳሊያውን አንሺና የብረት መስቀል አድርጊበት። የልጅ ልጆቼ ይመጣሉ። በልደቴ ቀን በረሃና ሬሳ ላወራላቸው ነው?"

መነጽሯን ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥ ቀጭ ሲል ሰማሁት።

"አይሆንም" አለች።

"ለምን አይሆንም? ላልነበረው ሰው ኮት ታለብሻለሽ። ደግሞ አንቺው ነሽ የነገርሽኝ፤ አባትሽ የሰዎችን ሜዳሊያ ከፎቶ ላይ ይደብቁ ነበር ብለሽ።"

እውነት ነው፣ ነግራዋለች፤ ለኔም ነግራኛለች። ንጉሡ ከወረዱ በኋላ ደርግ የመሬት ባላባቱንና ሹሙን ሲያሳድድ፣ ሰዎች በሽልማት ልብስ የተነሡትን ፎቶ በካባ ሥር ደብቀው ወደ ጋሽ ስዩም ይመጡ ነበር። እሳቸውም ኒሻኑን በውሃ ቀለም ይሸፍኑላቸዋል። ክፉው ቀን ሲያልፍ በእርጥብ ጥጥ እንዲጠርግ ብለው ነው በውሃ ቀለም የሚሠሩት።

"አባቴ ሲሸፍኑ የነበረው ሊገደል ለሚፈለግ ሰው ነው" አለች እትዬ ኤርጎጌ። "የእርስዎን አያት ማን ሊገድል ይፈልጋል? ኮቱም ቢሆን ማንንም አይጎዳም። ይሄን መስቀል ባደርግበት ግን እነዚያ ሰዎች ሁለተኛ ይሞታሉ፤ ያውም በኔ እጅ። ፎቶውን እንዳለ ላጽዳልዎ፣ ሪባኑን በትክክለኛ ቀለሙ ልቀባልዎ። አልሰቅለውም ካሉ ይተዉት፣ መብትዎ ነው። መለወጥ ግን አልለውጥም።"

"ፎቶው የኔ ነው።"

"የእርስዎ ነው።"

"ቤቱም የኔ ነው፤ ያለሽበት።"

"ቤቱም የእርስዎ ነው። እጄ ግን የኔ ነው።"

ከዚያ የሰማሁት የወንበር መንሸራተት ነው። በሱቄ መስታወት በኩል ፎጣውን አቅፎ ሲያልፍ አየሁት፤ ፊቱ ቀልቷል። በወሩ መጨረሻ ሱቁን እንድትለቅ በስልክ መልእክት ላከላት። ምክንያት አልጻፈም።

ወሬው ሠፈሩን ለማዳረስ ጊዜ አልፈጀበትም። መጀመሪያ የመጣው ጥግ ላይ ግሮሰሪ ያለው ጋሽ ሽጉጤ ነው። በዚህ ከተማ ከብዙዎቻችን በፊት የገባ፣ ስንጣላ የሚያስታርቀን፣ ስንታሰር የሚያስፈታን ሰው ነው።

"ኤርጎጌ፣ የሰማሁት እውነት ነው? ለሞተ ፈረንጅ ሜዳሊያ ብለሽ ሱቅ ልትለቂ ነው?"

"ለሞተው አይደለም።"

"እሺ ለማን ነው? አንቺ ሄሬሮ ነሽ? ናሚቢያን በካርታ አይተሻታል? እኛ እዚህ አገር እንግዶች ነን እኮ። የመኖሪያ ፔፐራችን እንኳ በየጊዜው ካልታደሰ መንገድ ላይ ፖሊስ የሚያስቆመን ነን። እንግዳ የቤቱን ሰው ፎቶ አያርምም።"

"እኔ መቼ ላርም አልኩ? አላርምም ነው ያልኩት!"

ጋሽ ሽጉጤ እጁን በእጁ መታ። ከዚያ ሳቁ አመለጠው፤ ግን ወዲያው ኮስተር አለ። "ያ ሰውዬ በዘረፋው ቀን በር ላይ ተቀምጦልሻል። ውለታ የሚባል ነገር የለም?"

ይሄ ነገር ነካት። እጇ ላይ የነበረውን ፍሬም ስትወለውል ስትወለውል ቆይታ ተናገረች።

"አለ። ሽጉጤ፣ ቤቱን ሲያቃጥሉበት ባይ እኔም በሩ ላይ እቀመጥለታለሁ። ታምሞ ቢተኛ ሾርባ ይዤ እሄዳለሁ። ውለታ በጉልበት ይከፈላል፣ በምግብ ይከፈላል። በውሸት ግን አልከፍልም። ውለታ የዋለልኝ ሁሉ እንዲህ ካስደረገኝ፣ ነገ ስንቱን ሰው አጥፍቼ እዘልቀዋለሁ?"

"አንቺ ሴትዮ አትረቺም" አለና ወጣ። ሲወጣ ግን ለእኔ "ቦታ ፈልግላት፣ እኔም እፈልጋለሁ" ብሎኝ ነው።

ቦታ ማግኘት ቀላል አልነበረም። አንዱ ፔፐርሽን አሳዪኝ ይላል፣ ሌላው የውጭ ሰው አላከራይም ይላል፣ ሌላው ጣሪያው ያፈሳል፤ የሚያፈስ ቤት ደግሞ ለፎቶ መርዝ ነው። ሦስት ጎዳና ተሻግሮ ያለ የአንዲት ፖርቱጋላዊት ባልቴት ጋራዥ ተገኘ። መስኮት የለውም፣ የሞተር ዘይት ይሸታል፤ ግን ደረቅ ነው። ባልቴቷ ስለ ፔፐር አልጠየቀችም። የጠየቀችው "የባሌን ፎቶ ትሠሪልኛለሽ?" ብላ ነው።

ዕቃ ያወጣን ቀን ሚስተር ሬንከ መጣ። እኔና ጋሽ ሽጉጤ ማተሚያውን በተከራየነው ባኪ ላይ እየጫንን ነበር። እሱ የግቢው በር ላይ፣ ያኔ ወንበር አስቀምጦ የተቀመጠበት ቦታ ላይ ቆመ። እትዬ ኤርጎጌ ቁልፉን ልትሰጠው ሄደች።

"አሁንም ጊዜ አለሽ" አለ፤ ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም። "ትንሽ ነገር ነው እኮ። ከጥፍር የማይበልጥ ነገር።"

"ከጥፍር ካላለፈ ምነው ይሄን ያህል አስጨነቀዎት?" ቁልፉን መዳፉ ላይ አኖረችለት። "በዘረፋው ጊዜ ላደረጉልን አመሰግናለሁ። እሱን መቼም አልረሳውም። ይሄንንም አልረሳውም።"

ከዚያ ባኪው ላይ ከዕቃዋ ጋር ወጣች፤ ከሾፌሩ አጠገብ ባዶ ወንበር እያለ። ፍሬሞቿን እንደ ጋሻ ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ቀና ብላ በጎዳናው መሀል አለፈች። አትክልት የሚሸጡት ማማዎች "ሲስ ኤርጎጌ፣ ወዴት ነው?" ብለው ሲጮሁላት "ማንም ወደማያዘኝ ቦታ!" ብላ መለሰችላቸው።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ከበዱ። የድሮ ደንበኛ ጋራዡን አያውቀውም፤ እኔ ጋ ለሚመጣው ሁሉ መንገድ አሳያለሁ፣ ግን ግማሹ አይደርስም። ሚስተር ሬንከ ፎቶውን ሌላ ቦታ አሠራው። ባለ ኮምፒውተር ሞልቷል፤ ዘንጎቹን አጥፍቶ የብረት መስቀል ለጠፈበት። ልደቱ ተከበረ፣ ፎቶው ተሰቀለ። ይሄን ሁሉ ያወቅነው ከእህቱ ነው።

እህቱ ኤልዛ ትባላለች፣ ፕሪቶሪያ ነው የምትኖረው። አንድ ከሰዓት በኋላ ሱቄ መጥታ "ፎቶ የምታድሰው ኢትዮጵያዊት የት ሄደች?" አለችኝ። ጋራዡ ድረስ ወሰድኳት። ሻንጣዋ ውስጥ ያው ካርቶን አለ፤ ዋናው።

"ይሄ ፎቶ የኔ ነው፣ ለወንድሜ ያዋስኩት" አለች ለእትዬ ኤርጎጌ። "በልደቱ ቀን ሰቅሎት ሳየው ደነገጥኩ። ልጅ ሆነን እናቴ ልብስ ሳጥን ውስጥ ነበር የምታስቀምጠው፤ ያ ሜዳሊያ ክብ እንደነበረ አስታውሳለሁ። መስቀሉ ከየት መጣ ብዬ ብጠይቀው ተቆጣ። ሲቆጣ ነው 'አንቺም እንደዚያች ሴትዮ ልትሆኚ ነው?' ያለኝ። ያቺ ሴትዮ ማን እንደሆነች ለማወቅ ፈለግሁ።"

"እኔ ነኝ" አለች እትዬ ኤርጎጌ።

ኤልዛ እንዳለ እንዲሠራላት ጠየቀች፤ ባርኔጣው ከነቁልፉ፣ ክንዱ ከነመስመሩ፣ ዘንጎቹ አንድም ሳይቀሩ። ከሥሩም ስሙ፣ ማዕረጉና የሦስቱ ቦታዎች ስም በጉልህ እንዲጻፍ። ወንድሜ ቤቴ ሲመጣ ከፊቱ እንዲያየው ነው አለች። እትዬ ኤርጎጌ ሠራችላት። ስትጨርስ አንድ ነገር ጠየቀቻት፤ ይሄን ፎቶ ማየት ብቻ ሳይሆን መያዝም የሚገባት አንዲት የሄሬሮ ሴት ታውቃለች፣ ቅጂ መስጠት ይቻል እንደሆነ። ኤልዛ አሰበችበት። አልቸኮለችም። በመጨረሻ "ስጫት። እኔ ራሴ ልስጣት ብል ምን ብዬ እንደምቆም አላውቅም" አለች።

እትዬ ኤርጎጌና ሚስተር ሬንከ ዛሬም አይነጋገሩም። እሱ በባኪው ሲያልፍ ፊት ፊቱን ያያል። እሷ ቀና ብላ ሰላምታ ትሰጠዋለች፣ ሁልጊዜ። ይመልስ አይመልስ ግድ የላትም። ለፋሲካም ዶሮ ወጡን ልካለታለች፤ ሳህኑ ታጥቦ ባዶውን ተመለሰ፣ ቃል ግን አልመጣም።

ባለፈው ሳምንት ሲስተር ካቫሪ ቅጂዋን ልትወስድ ጋራዡ መጣች። እኔም እዚያው ነበርኩ፣ የእትዬ ኤርጎጌን ስልክ ላቀብል ሄጄ። ይዛ የመጣችው ደግሞ ማውን ያለ አጎቷን ፎቶ ነው። ሽማግሌው ካኪ ዩኒፎርም ለብሷል፣ ትከሻው ላይ ባለ ኮከብ ጨርቅ አለ፣ ቆቡ ላይ ቀይ ጥብጣብ፣ ደረቱ ሙሉ ሜዳሊያ። ቁጭ ብለው ቢመለከቱት የድሮ የጀርመን መኮንን ነው የሚመስለው።

"ይሄ ደግሞ የየት ጦር ነው?" አለች እትዬ ኤርጎጌ።

"የኛ" አለች ሲስተር ካቫሪ። "የገደሉንን ሰዎች ልብስ ለበስነው። የጠላትህን ልብስ ስትለብስ ጉልበቱን ትወስዳለህ ይላሉ ሽማግሌዎቻችን። በየዓመቱ እንዲህ ለብሰን ተሰልፈን የአባቶቻችን መቃብር ድረስ እንሄዳለን።"

"ማዕረጉስ?"

"ጄኔራል።"

"ማን ሾመው?"

"እኛ።"

እትዬ ኤርጎጌ ወደ ፎቶው ጎንበስ አለች። "ይሄኛው ሜዳሊያ ምንድን ነው? ቀለሙን ንገሪኝ። ወርቅ ነው?"

"ራሱ ነው የሠራው፣ ከቆርቆሮ ቆርጦ።"

"እንግዲያው ቆርቆሮ አድርጌ ነው የምቀባው። ወርቅ አላደርገውም።"

ሲስተር ካቫሪ ከት ብላ ሳቀች፤ ጋራዡ አስተጋባ።

"ቆርቆሮ አድርጊው! ቆርቆሮ መሆኑን ሰው ሁሉ ይይልን!"